«አልገባኝም» ማለትን እንማር
(ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን)



በዚህ ሰሞን ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ሻንጣ በማሰናዳት ላይ እንደምትገኙ እናውቃለን። ምደባው ታውቋል፤ የጥሪው ማስታወቂያም ወጥቷል። በማስታወቂያው ላይ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው ተዘርዝሯል። እናቶቻችሁም ማስታወቂያው የረሳውን በሶና ዳቦ ቆሎ ጨምረውበታል። እኛም ከሦስት ዓመት በፊት እንዲሁ ተሸኝተን ነበር። ከዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት አራት ሆነን ወጣን፤ ሦስት ወንዶችና አንዲት እኅት። አራታችንም አንድ ዩኒቨርሲቲ ደርሶን ስለ ነበረ በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረን ሄድን።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ምክር ለመስጠት ከእናንተ የተሻለ ዕውቀት ኖሮን አይደለም። አንድ ነገር ዘግይተን ስለ ተማርንና መዘግየታችንም ከመካከላችን አንዱን ክፉኛ ስለ ጎዳው ነው። ያ ነገር በማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም፤ ሻንጣም አይይዘውም። እርሱም በጊዜው «አልገባኝም»፣ «ቸገረኝ»፣ «እርዱኝ» ብሎ መናገር ነው። አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እኛ ደግሞ ካለመናገር አንድ ዓመት ሙሉ እንደሚቀር በዓይናችን አይተናል።

1ኛ. አዲስ ተማሪ ለምን ይደብቃል?

መቼም ዩኒቨርሲቲ መግባት በአገራችን የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቤተሰብ፣ የጎረቤትና የመንደር ጉዳይ ነው። በተለይም በቅርብ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተና ከብዷል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ። ስለሆነም ያለፈ ልጅ ሲገኝ ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፤ ብር ጨብጦ የሚመጣም ዘመድ አይጠፋም። ይህ ሁሉ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሸክምም አለበት። ይህን ያህል ሰው ደስ ያሰኘ ልጅ ከሁለት ወር በኋላ «ትምህርቱ አልገባኝም» ብሎ ለመናገር አንደበቱ ይተሳሰራል።

በመጀመሪያ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተከታትለው የሚገቡ ወንድሞችና እኅቶችም አሉ። እነርሱ ደግሞ «ከሌላው አንሼ ነው የመጣሁ» በሚል ስሜት አንገታቸውን ይደፋሉ። በመሠረቱ ግን ጎደሎውን አውቆ ለመሙላት አንድ ጊዜ የደከመ ሰው ከማንም አያንስም። እንዲያውም ጎደሎ እንዳለበት ማወቁ ብዙዎቻችን ያልነበረን ዕውቀት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሚከተለው ነው። ከየትምህርት ቤቱ አንደኛና ሁለተኛ የወጣ ሁሉ በአንድ አዳራሽ ሲሰበሰብ አንደኛ ሊሆን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሠፈራችን «ጎበዙ» የሚል ስም የነበረን ሁሉ እዚያ ስንደርስ ከብዙ ጎበዞች አንዱ ሆንን። ይህ ለውጥ የሰውን ልብ ይፈትናል። አንዳንዱ ይታበያል፤ አንዳንዱ ይሰበራል፤ የሚበዛው ግን ዝም ይላል።

2ኛ. የወንድማችን ታሪክ

ይህን ታሪክ የምንጽፈው ባለታሪኩን አስፈቅደን ነው። ጽሑፉን ከእኛ ቀድሞ ያነበበውም እርሱ ነው።

ከአራታችን ጎበዙ እርሱ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ሒሳብ ያስረዳን የነበረው፣ ለፈተናም ያዘጋጀን እርሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሁለት ወር ያህል እንደ ተማርን የሎጂክ ሚድ ፈተና ተፈተንን። ሎጂክ ለአብዛኞቻችን ፈጽሞ አዲስ ነበር። ውጤቱ በመታወቂያ ቁጥራችን ተለጠፈ። የዚያን ዕለት ማታ ካፌ በር ላይ ተገናኘንና ተጠያየቅን። አንዱ «ደህና ነው» አለ። ሌላውም «ደህና ነው» አለ። አራታችንም «ደህና ነው» ብለን ራት በልተን ተለያየን።

እውነቱ ግን ከ30 አንዳችን 11፣ አንዳችን 13፣ እኅታችን 12 አምጥተን ነበር። እርሱ ደግሞ 9። አራታችንም ወድቀን ሳለ እያንዳንዳችን የወደቅነው ብቻችንን መሰለን። በዚያች ማታ አንዳችን እንኳ እውነቱን ብንናገር ሦስቱ ጓደኞቻችን አብረው በተነፈሱ ነበር።

ከሳምንት በኋላ እኅታችን ደፍራ መምህሩ ቢሮ ሄደች። መምህሩም የፈተና ወረቀቷን አውጥቶ አሳያት። ትርጓሜዎቹን ሁሉ በቃሏ አጥንታለች፤ ነገር ግን በአንድ ክርክር ውስጥ የትኛው መነሻ፣ የትኛው መደምደሚያ እንደ ሆነ መለየት አልቻለችም። ችግሯ ያ ብቻ ነበር። መምህሩ በ20 ደቂቃ አስረዳት፤ እርሷም መጥታ ውጤቷንና የተማረችውን አንድ ላይ ነገረችን። ያን ጊዜ ሁለታችን ውጤታችንን አወጣንና ከእርሷ ጋር ማጥናት ጀመርን። ጎበዙ ወንድማችን ግን «እኔ ገብቶኛል» አለ። ሲያስረዳን የኖረ ሰው ለሚያስረዳቸው ልጆች «አስረዱኝ» ማለት ከበደው። እኛም ጎበዝነቱን እናውቅ ስለ ነበር አመንነው። ከዚህ ላይ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ማመን ቀሎን ነበርና አመንን።

ከዚያ በኋላ ክፍል መቅረት ጀመረ። ቀን ይተኛል፤ ሌሊት ስልኩን ይነካካል። ሲጠየቅ «ራሴን አሞኛል» ይላል። እናቱ ሲደውሉ ግን ድምፁን አስተካክሎ «ትምህርቱ ቀላል ነው እማዬ» ሲል ከጎኑ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው አንዳችን እንሰማ ነበር። የሴሚስተሩ ውጤት ሲወጣ መሰናበቱ ታወቀ። ለእኛ ግን «አልፌያለሁ፤ ለእረፍት ወደ አገር ቤት እሄዳለሁ» ብሎ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። መንገድ ድረስ ሸኘነው።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ እናቱ ለአንዳችን ደወሉ። «ልጆቼ፣ ወንድማችሁ ስልኩ አይነሣም፤ ፈተና በዛበት እንዴ?» አሉ። የምንመልሰው ቃል አጣን። እርሱ አገር ቤት አልሄደም ነበር። ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከተማ በማይርቅ ስፍራ ግንባታ ላይ በቀን ሥራ ተቀጥሮ ሲሚንቶ ይሸከም ነበር። አባቱ ሄደው አገኙት። አልተቆጡትም። «ይህን ሁሉ ብቻህን ከምትሸከም ምናለ ብትነግረኝ» ብቻ ነው ያሉት።

እንደ ዩኒቨርሲቲው ደንብ አመልክቶ በዓመቱ እንደገና ተቀበሉት። ዘንድሮ እኛ አራተኛ ዓመት ስንገባ እርሱ ሦስተኛ ዓመት ይገባል። ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ አንድ ነገር እንድንጨምርለት ጠይቆናል። «9 ከ30 ያመጣሁ ዕለት ማታ ወረቀቱን ለአንዳችሁ ባሳይ ኖሮ ቀላል ነበር፤ በየቀኑ ሳልናገር በዋልኩ ቁጥር ግን ለመናገር ይበልጥ ከበደኝ፤ ይህን ጻፉላቸው» ብሎናል። ጽፈነዋል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለውም ይኸው ነው።

3ኛ. ትምህርቱን በሚመለከት

በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጡት ትምህርቶች የጋራ ናቸው። ሎጂክ፣ ጠቅላላ ሥነ ልቡና፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና የመሳሰሉት ናቸው። ብዙ ተማሪ «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም» እያለ ይንቃቸዋል። ነገር ግን ወደምትፈልጉት የትምህርት ክፍል የምትመደቡት በምርጫችሁና በእነዚሁ ትምህርቶች ውጤት ስለ ሆነ መናቅ አይገባም።

(ሀ) ውጤት እንዴት ይሰላል? ይህን ቀድሞ ማወቅ ከድንጋጤ ያድናል። «ኤ» 4፣ «ቢ» 3፣ «ሲ» 2፣ «ዲ» 1፣ «ኤፍ» 0 ነጥብ ሲሆን፣ ነጥቡ በትምህርቱ ክሬዲት ተባዝቶ ይደመርና ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ለምሳሌ አንድ ተማሪ ባለ 3 ክሬዲት የሆኑ አራት ትምህርቶች ወስዶ «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ» እና «ዲ» ቢያመጣ 12 ሲደመር 9 ሲደመር 6 ሲደመር 3፣ ይኸውም 30 ይሆናል። 30 ለ12 ሲካፈል 2.50 ነው። «ዲ»ው «ኤፍ» ቢሆንበት 2.25 ይወርዳል። እንግዲህ አንድ ትምህርት ከበደ ብሎ ሁሉን መተው ስሌቱን አለማወቅ ነው። ለመመረቅ አጠቃላይ ውጤት 2.00 ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያና ስንብት የሚሰጥበት ነጥብ ግን እንደየዩኒቨርሲቲው ደንብ ስለ ሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ። ሕመም ወይም ሐዘን ቢደርስባችሁም ፈተና ላይ ከመውደቅ አስቀድሞ በደንቡ መሠረት ትምህርት አቋርጦ የመመለስ መንገድ አለ። ይህን ባለማወቅ የተጎዱ ብዙዎች ናቸው።

(ለ) ማስታወሻ አያያዝ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማርን ብንሆንም መምህሩ ሳያቋርጥ 2 ሰዓት ሲናገር መከተል ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ስሕተታችን እያንዳንዱን ቃል ለመጻፍ መሞከራችን ነበር። እጃችን ሲጽፍ ጆሮአችን ይዘጋል። ዋናውን ሐሳብ ብቻ ጻፉ፤ ያልገባችሁ ስፍራ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ያን ማስታወሻ አንድ ጊዜ ተመልከቱት። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ እንዳሳየው፣ ሰው ያጠናውን የሚረሳው ከሁሉ ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ በዕለቱ የሚደረግ የግማሽ ሰዓት ክለሳ ለፈተና ዋዜማ ከሚታደር ሌሊት ይበልጣል።

(ሐ) መምህሩ ቢሮ መሄድ። መምህራን ተማሪ የሚያነጋግሩበት ሰዓት አላቸው፤ ብዙ ጊዜ በር ላይ ተለጥፏል። አብዛኛው ተማሪ አይሄድም። ስትሄዱ «ምንም አልገባኝም» አትበሉ፤ መምህሩ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። የሞከራችሁትን ይዛችሁ «እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል፤ ከዚህ በኋላ ግን ጠፋኝ» በሉ። እንዲህ ብሎ የሄደ ተማሪ ሲባረር አላየንም።

(መ) በቡድን ማጥናት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። ነገር ግን ከአራት ወይም ከአምስት ሰው አይብዛ፤ እያንዳንዱም አስቀድሞ ለብቻው ያንብብ። ስትገናኙ አንዱ ላንዱ ያስረዳ። ማስረዳት ሲጀምር ያልገባው ነገር ለራሱ ይገለጥለታል።

4ኛ. የዶርም ኑሮን በሚመለከት

ተደራራቢ አልጋ ባለው ክፍል ውስጥ ከማታውቋቸው ልጆች ጋር ትኖራላችሁ። አንዱ ከወለጋ፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከሶማሌ፣ አንዱ ከጎንደር ሊሆን ይችላል። ቋንቋው፣ ምግቡ፣ እምነቱ፣ የመኝታ ሰዓቱ ይለያያል። አንዱ በመብራት ያነባል፤ ሌላው መብራት ካልጠፋ እንቅልፍ አይወስደውም። ጠብ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በትልቅ ነገር አይደለም፤ ባልተጠረገ ወለል፣ ባልተቀዳ ውሃ፣ በጆሮ ማዳመጫ በማይሰማ ሙዚቃ ነው። እኛ በመጀመሪያው ሳምንት ተቀምጠን የጽዳት ተራ፣ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት፣ የውሃ ተራ ተስማምተን በወረቀት ጽፈን በር ላይ ለጠፍን። ያ ወረቀት ከብዙ ንትርክ አዳነን። ከጓደኞቻችሁም ቋንቋ ቢያንስ ሰላምታውን ተማሩ። ሌሊት ብትታመሙ ፕሮክተሩን ጠርቶ ክሊኒክ የሚወስዳችሁ እርሱ ነው።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። ቤት የተሰጣችሁን ብር በመጀመሪያው ወር ላውንጅ አትጨርሱት። ለፎቶ ኮፒ፣ ለሳሙና፣ ለመመለሻ ትራንስፖርት የሚሆነውን ለይታችሁ አስቀምጡ። ያለው ጓደኛ ሲጋብዝ እናንተም ለመጋበዝ ብላችሁ ብድር ውስጥ አትግቡ። «ዛሬ የለኝም» ማለት አያሳፍርም። ጫትና መጠጥ የሚጀመረውም ብዙ ጊዜ በፍላጎት ሳይሆን «አልፈልግም» ለማለት ከማፈር ነው።

ለእኅቶቻችን አንድ ነገር እንጨምር። ማንም ሰው፣ መምህርም ቢሆን፣ ውጤትን መደራደሪያ አድርጎ የማይገባ ነገር ቢጠይቃችሁ ኀፍረቱ የእርሱ እንጂ የእናንተ አይደለም። ዕለቱንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ያዙ፤ ለምታምኗት ሰው ንገሩ፤ የሥርዓተ ፆታ ጉዳዮችን ወደሚከታተለው ቢሮ ወይም ወደ ተማሪዎች ዲን ሂዱ። እኛ ወንዶች ደግሞ ይህን ስንሰማ «ምን አድርገሽው ነው?» ብለን ከመጠየቅ እንቆጠብ። እኅት ዝም የምትለው ይህን ጥያቄ ፈርታ ነው።

5ኛ. ከቤተሰብ ጋር

ዛሬ ስልክ በየእጃችን አለ። ይህ መልካም ነው፤ ግን ናፍቆት በያዘን ቁጥር በቀን አምስት ጊዜ ብንደውል እግራችን እንጂ ልባችን ዩኒቨርሲቲ አልገባም ማለት ነው። የሚደወልበት ቀን ወስኑ፤ ስትደውሉም እውነቱን ተናገሩ። «ሎጂክ ከብዶኛል፤ መምህሩን ልጠይቅ ነው» ብላችሁ ብትነግሯቸው ወላጆቻችሁ ሎጂክ ምን እንደ ሆነ ባያውቁም «አይዞህ»፣ «አይዞሽ» ማለትን ያውቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ስድስትና ሰባት ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ማታ ማታ ሆድ ይብሳል። ከብዙዎቻችን ላይ እየቀለለ ሄዷል። ነገር ግን እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ፣ ከሰው መሸሽም ከጀመራችሁ፣ የዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ወይም ክሊኒክ ሂዱ። ይህም እንደ ማንኛውም ሕመም መታከሚያ አለው።

6ኛ. የአባቶች ተማሪ ቤት

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከመከፈቱ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ የአገራችን ልጆች ለትምህርት ከቤታቸው ይርቁ ነበር። ለድጓ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለቅኔ ዋሸራ ይወርዱ ነበር። ተማሪው ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል። የሀብታም ልጅም ቢሆን ይለምናል። ማታ ደግሞ ትምህርቱ ያልያዘለት ታናሽ ከርሱ ከፍ ያለውን ተማሪ ይጠይቃል፤ ያም የተማረውን ያስተምረዋል።

ሰዎች ይህን ሲያነሡ ስለ ችግሩ ብቻ ያወራሉ። እኛ ግን ሌላ ነገር ታየን። ያ ተማሪ ከፊደል ቀጥሎ የተማረው ነገር መጠየቅ ነው። ደጅ ቆሞ እንጀራ መጠየቅ ያላሳፈረው ሰው መምህሩ ፊት ቆሞ ምሥጢር መጠየቅ አያሳፍረውም። እኛ እንጀራው ካፌ ስለሚጠብቀን ያን ትምህርት ዘለልነው። ስለዚህ በራሳችን ፈቃድ ልንማረው ይገባል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣

እንግዲህ ስትደርሱ ፈልጉን። አብራችሁ የሄዳችሁትም እርስ በርሳችሁ ተፈላለጉ። የመጀመሪያው ሚድ ውጤት የተለጠፈ ዕለት ማታ ካፌ በር ላይ ስትገናኙ «ደህና ነው» አትባባሉ፤ ቁጥሩን ተነጋገሩ። ጎበዝ የምትሉትንም ልጅ ሁለት ጊዜ ጠይቁት። እኛ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅነው።

መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንላችሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ያልገባንን ነገር «ገብቶኛል» ያልንበትን ጊዜ እናስታውስ። ያን ጊዜ የፈራነው ማንን ነበር?
2. ጓደኛችን ችግሩን እንደሚደብቅ ብንጠረጥር እንዴት ብለን ብንጠይቀው ይነግረናል?
3. ወላጆችና ጎረቤቶች ለተማሪው ደስታቸውን ሲገልጹ ሸክም እንዳይሆንበት ምን ብለው ቢሸኙት ይሻላል?
4. አንድ ተማሪ ተሰናብቶ ወደ ሠፈራችን ቢመለስ የመጀመሪያው ቃላችን ምን ሊሆን ይገባል?